የተዘጋው እልፍኝ
እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የንጉሠ ነገሥቱ የሕመም ዓመታት

ከጉለሌ በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ጥንታዊቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ። ከሁለት ቀን በኋላም ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል በእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። ከሃያ ስምንት ዓመታት በኋላ እኒሁ እቴጌ ያረፉትና በመጀመሪያ የተቀበሩት በዚሁ በእንጦጦ ነው።

ጣይቱ ከሰሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱ፣ ለቤተ ክህነት ትምህርት ቅርበት የነበራቸው ሴት ነበሩ። ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላት እርሳቸው መሆናቸው የታወቀ ነው። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ አጥብቀው መቃወማቸው፣ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የሰፈረው የኢጣሊያ ጦር ውኃውን እንዲያጣ ማድረጋቸው፣ የካቲት 23 ቀንም በዐድዋ መዋላቸው ተደጋግሞ ተጽፏል። አነስተኛ ትኩረት ያገኘው ግን፣ ከድሉ ዘመን በኋላ በአንድ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ያሳለፏቸው ዓመታት ናቸው።

የምኒልክ ጤና መታወክ የጀመረው ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባድ ሕመም አካላቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውንም ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የንጉሡ እልፍኝ የአንድ ቤተሰብ የሐዘን ክፍል ብቻ ሊሆን አልቻለም። አልጋ ወራሽ የተባሉት የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ። መኳንንቱ ስለ ሥልጣን ያስባሉ፤ የየሌጋሲዮኑ መልእክተኞችም ስለ ሕመሙ የሰሙትን ሁሉ ወደየመንግሥቶቻቸው ይጽፋሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ሐሳብ በማሰማቱ፣ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ሊቀር ይገባው የነበረው ነገር የከተማው ሁሉ ወሬ ሆነ። ጥርጣሬውም በብዙዎች አፍ ወደ አስታማሚዋ ሚስት ዞረ።

እቴጌይቱ እልፍኙን ዘጉ፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስም በእርሳቸው ፈቃድ ሆነ። በዚህ አድራጎት ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። በአንድ ወገን፣ በዐድዋ ፊት የታየውን ሰው አቅመ ቢስ ሆኖ እንዳይታይ የምትጠብቅ የትዳር ጓደኛ ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ፣ በተዘጋው በር ኋላ ሹመትና ሽረት ያካሂዱ ስለ ነበር፣ አገሩ የገዢውን እውነተኛ ሁኔታ ማወቅ የሚገባው ሆኖ ሳለ እንዳያውቅ አድርገዋል። መኳንንቱን ያስቆጣውም ይኸው ሁለተኛው ነገር ነው። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባላቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ ፈረዱ።

ጣይቱ ፍርዱን ተቀብለው ማስታመሙን ቀጠሉ። ሥልጣን ከእጃቸው ከወጣ በኋላም ከሦስት ዓመት በላይ ከአልጋው አለመራቃቸው፣ በር መዝጋታቸው ሁሉ ለሥልጣን ብቻ ነበር የሚለውን ሐሜት ያዳክመዋል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። አሁን ደግሞ ቀድሞ በእቴጌይቱ ላይ የምሥጢር ክስ ያቀረበው ወገን ራሱ ሞቱን ሸሸገ። አዋጅ አልተነገረም፤ ለዐድዋው ንጉሥ የሚገባው የአደባባይ ልቅሶም አልሆነም፤ አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ጣይቱ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትን ባላቸውን በወጉ ለመቅበርና እንደ አገሩ ልማድ በሕዝብ ፊት ለማልቀስ አልታደሉም።

ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ቢነግሡም፣ እቴጌይቱ ኑሯቸው በእንጦጦ ሆኖ ቀረ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ኋላም አፅማቸው ወርዶ በበአታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ።

የእቴጌ ጣይቱ ታሪክ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ለሚቆም ባለሙያ፣ ስለ ታዋቂ ሰዎችም ለሚጽፍ ሁሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ትቶ አልፏል። የገዢ ሕመም ሥራውን ሲያስተጓጉል ሕዝብን ይመለከታል፤ ይህንን መደበቅ አገርን ይጎዳል። ነገር ግን ሕዝብ ማወቅ የሚገባው ገዢው መሥራት መቻል አለመቻሉን እንጂ፣ የሰውነቱን መድከም ዝርዝር ወይም የሚስቱን እንባ አይደለም። በዚያ ዘመን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ መነገር የሚገባው ሲሸሸግ፣ መከደን የሚገባው በየአደባባዩ ተወራ። የዚህ ስሕተት ዕዳ በአብዛኛው የወደቀው በእንጦጦ ተራራ ላይ በቀሩት በአንዲት ባልቴት ላይ ነው።