ጌዮርግ ሽዋይንፉርትና የመተማ ቅጠሎች

ጌዮርግ ሽዋይንፉርት በ1836 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሪጋ ከተማ ተወለደ። በጀርመን አገር የዕፅዋትን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ፥ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው ወደ አፍሪካ ተሻግሮ፥ በ1865 ዛሬ በገዳሪፍ ግዛት ሥር ወዳለው ወደ ጋላባት ጠረፍ ደረሰ። በዚያም በመተማ፥ ከ24 ዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁባት ምድር፥ ሣሩንና ቅጠሉን እየለቀመ በወረቀት መካከል ተጭኖ ያደርቅ፥ በእያንዳንዱም ላይ የተገኘበትን ቦታና ጊዜ ይጽፍ ነበር። በ1867 ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት የጻፈውን መጽሐፍ በበርሊን አሳተመ።

በ1868 ወደ ሱዳን ተመልሶ፥ ከዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጓዝ ጋራ ወደ ደቡብ ዘለቀ። የእነዚህ ነጋዴዎች ሥራ ከባሪያ ንግድ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ከጉዞው ታሪክ የማይነጠል ነው። በ1870 መጋቢት ወር የወሌን ወንዝ አየ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን የሰፈረበት መንደር ተቃጥሎ፥ የሰበሰበው ዕፅና መሣሪያዎቹ ከነሰዓቶቹ ዐመድ ሆኑ። እርሱ ግን መለካቱን አልተወም፤ በመመለሻው ርምጃውን እየቈጠረ የመንገዱን ርቀት መዘገበ።

በ1875 በካይሮ የጂኦግራፊ ማኅበርን አቋቋመ፤ በፈርዖኖች መቃብር የተገኙትን የአበባ ጕንጕኖችም መረመረ። ከ1891 እስከ 1894 ባሉት ዓመታት ሦስት ጊዜ ወደ ኤርትራ ሄዶ ዕፅዋት ሰበሰበ። በ1925 በበርሊን ሞተ። በ1943 የበርሊኑ የዕፅዋት ቤተ መዘክር በቦምብ ሲቃጠል ከስብስቡ ብዙው ጠፋ፤ ቀድሞ ወደ ሌሎች አገሮች የተላከው ቅጂ ግን ተረፈ።

ዛሬ ሊቃውንት ከእንዲህ ያለው አሮጌ ቅጠል ቅንጣት ወስደው፥ በናይትሪክ አሲድ አሟሙተው፥ እጅግ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ያሳልፉታል። አቶሞቹም የኤሌክትሪክ ኃይል ይዘው ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው መሣሪያ እንደየክብደታቸው ይለያሉ፤ ዚንኩና መዳቡ ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ ቢሆን ይቈጠራል። ይሁንና መሣሪያው የሚቈጥረው የገባለትን ሁሉ ነው። በቅጠሉ ላይ የቀረ የአፈር ትቢያ ብረቱን ያበዛል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቤተ መዘክሮች ነቀዝን ለመከላከል የቀቡት የሜርኩሪ መድኃኒትም የቅጠሉን ሜርኩሪ ለመለካት እንቅፋት ይሆናል። ቅጠሉ መቼና ከየትኛው መሬት እንደ ተቈረጠ ደግሞ ማናቸውም መሣሪያ አይናገርም። የ1865ን የመተማ ቅጠል ከዛሬው ጋራ ማነጻጸር የሚቻለው በእጅ የተጻፈችው ያች አጭር ጽሑፍ በመኖርዋ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቻችንን ቅጠል ልቀሙ ብለን ወደ መስክ በምንልክበት ቀን፥ ስሙን፥ ቦታውንና ቀኑን ሳይጽፉ እንዳይመለሱ ማሳሰብ ይገባናል። ትልቅ መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን፥ ለዚህ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።