ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ፤ የፍርድና የምሕረት መምህር

እግዚአብሔር አምላካችን በፍርዱ እውነተኛ፥ በምሕረቱም ባለጸጋ መሆኑን ሁላችን እናምናለን። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ እንዴት በአንድነት እንደሚጸኑ ጠንቅቀን ሳናስተውል ስንቀር ከሁለት አደጋዎች በአንዱ እንወድቃለን። አንዳንዱ ምሕረቱን ብቻ እያሰበ ኀጢአትን እንደ ቀላል ነገር ይቈጥራል፤ ሌላው ደግሞ ፍርዱን ብቻ እየተመለከተ ተስፋ ይቈርጥና ከንስሐ ይርቃል። ስለዚህ ይህን ምስጢር በመጽሐፉ ያስተማረውን፥ በገዛ ሕይወቱም ተፈትኖበት ጸንቶ የተገኘውን ታላቁን አባት ቅዱስ አትናቴዎስን ማሰብ ለካህናትም ለምእመናንም ይጠቅማል።

ቅዱስ አትናቴዎስ የተወለደው በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ገና ሕፃን ሳለ፥ በ303 ዲዮቅልጥያኖስ ያስነሣው ስደት የግብፅን ምድር በሰማዕታት ደም አጠባት፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ጴጥሮስም በ311 በሰማዕትነት ዐረፈ። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ሞትን ንቀው ወደ ሰይፍ ሲሄዱ የታየበት ዘመን ነበር። ኋላም ቅዱሱ መጽሐፍ ሲጽፍ፥ ሞት በክርስቶስ ድል መነሣቱን ካስረዳባቸው ምስክሮች አንዱ ይህ የሰማዕታት ድፍረት ሆነ። ከዚያም በሊቀ ጳጳሳቱ በእለእስክንድሮስ እጅ አድጎ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን ተምሮ፥ ማዕርገ ዲቁናን ተቀበለ።

ይህ አባት ከጻፋቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የታወቀው ስለ ቃል ሰው መሆን የጻፈው ነው። በዚህ መጽሐፍ ያነሣው ጥያቄ ከላይ ያመለከትነው ጥያቄ ነው። አዳም ትእዛዙን ቢያፈርስ ሞትን እንዲሞት እግዚአብሔር አስቀድሞ ፈርዶ ነበር፤ አዳምም አፈረሰ። እንግዲህ ሞቱ እንዲያው ቢቀርለት እግዚአብሔር የተናገረውን አጠፈ ሊያሰኝ ነው፤ ይህም እውነት ለሆነ አምላክ አይገባም። በሌላው ወገን ደግሞ በአርአያው የፈጠረውና በጸጋው ያከበረው ፍጥረት በሰይጣን ተንኰል ጠፍቶ ቢቀር ለቸርነቱ አይስማማም፤ ጠፍቶ ለሚቀርስ መጀመሪያውኑ አለመፈጠሩ በተሻለ ነበር።

ታዲያ ሰው ንስሐ ቢገባ ብቻ አይበቃምን? የሚል ቢኖር፥ ቅዱስ አትናቴዎስ ለዚህም መልስ አለው። በደሉ ብቻ ኖሮ የበደሉ ፍሬ የሆነው ጥፋት ባይከተለው ኖሮ ንስሐ ብቻውን በበቃ ነበር። ነገር ግን ሞት በሰው ባሕርይ ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ንስሐ ደግሞ ወደ ፊት ከመበደል ይከለክላል እንጂ በባሕርይ የገባውን ሞት አያወጣም፤ የተፈረደውንም ፍርድ አይፈጽምም። ስለዚህ ሁሉን ከምንም የፈጠረ አካላዊ ቃል ራሱ መጣ። በመለኮቱ የማይሞት ስለ ሆነ ከቅድስት ድንግል ማርያም ሊሞት የሚችል ሥጋን ነሥቶ ተዋሐደ፤ ያንንም ሥጋ ስለ ሁሉ ለሞት ሰጠው። ሥጋው የሕይወት ባለቤት የሆነው የቃል ሥጋ ነውና ሞት ሊይዘው አልቻለም። በዚህም ፍርዱ ሳይታጠፍ ተፈጸመ፤ የተፈረደበትም ሰው ሕይወትን አገኘ። ምሕረት ፍርድን አልሻረችም፤ ፈራጁ ራሱ ስለ ተፈረደበት ሰው ፍርዱን ተሸከመ እንጂ።

ይህንም በምሳሌ አስረድቷል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢጠፋ፥ ባለ መልኩ ሰው ዳግመኛ ይመጣና መልኩ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይታደሳል እንጂ ሰሌዳው አይጣልም። እንዲሁም የአብ አርአያ የሆነው ወልድ በአርአያው የተፈጠረውን ሰው ያድስ ዘንድ መጣ።

እንግዲህ አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ብሎ በተነሣ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ ያን ያህል የታገለው ስለ ምን እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። ፍጡር ፍጡርን ከሞት ሊያድን፥ የጠፋውንም የእግዚአብሔር አርአያ ሊያድስ አይችልም። ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ ፍርዱ ገና አልተፈጸመም፤ እኛም ገና በሞት ሥር ነን። በ325 በኒቅያ ጉባኤ ሲደረግ ከሊቀ ጳጳሳቱ ጋር በዲቁናው ተገኘ። በ328 እለእስክንድሮስ ካረፈ በኋላ በመንበረ ማርቆስ ተተክቶ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ።

ከዚህ በኋላ መከራው በዛ። በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ፊት ጠላቶቹ አርሳንዮስ የተባለ ጳጳስ ገደለ፥ እጁንም ቈረጠ ብለው ከሰሱት። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የተቈረጠ እጅ ለምስክር አምጥተው አሳዩ። አርሳንዮስ ግን ተደብቆ ኖሮ ተገኘ፤ በጉባኤው መካከልም ከነሁለት እጆቹ በሕይወት ቆመ። ክሱ ሐሰት መሆኑ ቢገለጥም ጉባኤው ከመፍረድ አልተመለሰም። ደግሞም ወደ ቍስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል ሊያስቀር ዛተ የሚል ሌላ ክስ ተጨምሮበት፥ ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ጋልያ ውስጥ ወዳለችው ወደ ትሪየር ከተማ አጋዘው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የአርሳንዮስ ነገር ነው። ይህ ሰው ከስሕተቱ ተመልሶ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጋር አንድ ለመሆን በደብዳቤ በለመነ ጊዜ ቅዱሱ ተቀበለው፤ በጵጵስናውም ከቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ጋር ተቈጠረ። እስኪ ልብ እንበል፤ በስሙ የሞት ክስ የተመሠረተበት አባት ያንኑ ሰው ወንድሜ ብሎ መቀበል ምን ያህል ይከብደው ይሆን? ነገር ግን በመጽሐፉ ያስተማረውን በሥራ ፈጸመው፤ ሰሌዳውን አልጣለም።

ሁለተኛው ስደቱ ከ339 እስከ 346 ሰባት ዓመት ያህል የቈየ ሲሆን፥ የሮሜው ጳጳስ ዮልዮስ በክብር ተቀብሎታል። ተመልሶም ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ንጉሥ ቈስጠንስ እንደ ገና ተነሣበት። በየካቲት ወር 356 ሕዝቡ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ሌሊት በጸሎት ሳለ ሲርያኖስ የተባለው የጦር አለቃ በብዙ ጭፍራ ከበበው። ቅዱሱ በመንበሩ ተቀምጦ፥ የእግዚአብሔር ምሕረት ለዘለዓለም እንደ ሆነ በየቍጥሩ የሚመሰክረውን 135ኛውን መዝሙር ዲያቆኑ እንዲያነብ፥ ሕዝቡም እንዲመልስ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ በገቡ ጊዜ እንዲሸሽ ቢለምኑትም ሕዝቡ አስቀድሞ ካልወጣ አልነሣም አለ። በመጨረሻ መነኰሳቱና ካህናቱ በግርግሩ መካከል ስበው አወጡት። የዓመፃ ፍርድ በሰይፍ ሲመጣበት በአፉ የነበረው እርግማን ሳይሆን የምሕረት መዝሙር ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል በግብፅ በረሃ በመነኰሳት ዘንድ ተሸሽጎ ኖረ። በዚያው ወራት ቈስጠንስ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ዒዛናና ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፥ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾመውን ፍሬምናጦስን፥ እርሱም አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው፥ አርዮሳዊው ጊዮርጊስ እንዲመረምረው ወደ እስክንድርያ እንዲሰድዱት ጠየቀ። የዚህን ደብዳቤ ቃል ጠብቆ ያቈየልን ራሱ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። አገራችን ግን የተቀበለችውን የኒቅያን ሃይማኖት ይዛ ጸናች።

ቈስጠንስ በ361 ሞተ፤ ቅዱሱም በ362 ወደ መንበሩ ተመለሰ። ከፈተናዎቹ ሁሉ የረቀቀው ያን ጊዜ ደረሰ። በ359 በተደረጉት ጉባኤያት በንጉሡ ግዛትና በማታለል ተሸንፈው የኒቅያን ሃይማኖት በሚያዳክም ጽሑፍ ላይ የፈረሙ ብዙ ጳጳሳት ነበሩ። አሁን ቀኑ ተገልብጦ ፈራጁ የተሰደደው አትናቴዎስ ሆነ። በዚያው ዓመት በእስክንድርያ ጉባኤ ሰብስቦ እንዲህ ወሰኑ፤ በግድ ወይም በተንኰል የወደቁት የአርዮስን ክሕደት አውግዘው የኒቅያን ሃይማኖት ቢያምኑ በማዕርጋቸው ይጽኑ፤ የክሕደቱ መሪዎችና ጠበቆች የነበሩት ግን ንስሐ ቢገቡ ይቅርታን ያግኙ እንጂ በክህነት ማዕርግ አይቀመጡ። ስለ እውነት ተሰደው ከነበሩት አባቶች አንዱ፥ የሰርዴንያ ደሴት ጳጳስ፥ ይህን ምሕረት እንደ ድካም ቈጥሮ ተቈጣና ከአንድነት ተለየ። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ከሃይማኖቱ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ለሚመለሱት በሩን ከፈተ።

ከዚህም በኋላ በዑልያኖስና በዋሊስ ዘመን ሁለት ጊዜ ተሰደደ። በጠቅላላው 45 ዓመት ያህል በሊቀ ጳጳሳትነት ሲኖር 17 ዓመት የሚሆነውን በስደት አሳልፎ፥ በ373 በሰላም ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 7 ቀን ዕረፍቱን ታከብራለች፤ ቃሉ በሃይማኖተ አበው ይነበባል፤ በስሙ የሚጠራው ቅዳሴም በመቅደሳችን ይቀደሳል።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ የንስሐ ልጆቻችን በፊታችን ሲቆሙ ይህን አባት እናስብ። ለባለጸጋ አፍረን፥ ለዘመድ አዝነን ኀጢአትን ኀጢአት አይደለም ብንል፥ ክርስቶስ የሞተለትን ፍርድ ከንቱ እናደርጋለን። የተጸጸተውንም ተቈጥተን ብናባርር፥ ክርስቶስ ያደሰውን ሰሌዳ እንጥላለን። ምእመናንም፥ ንስሐችን ኃይል የሚያገኘው በልቅሶአችን ብዛት ሳይሆን ስለ እኛ ከሞተው ጌታ መሆኑን ዐውቀን፥ ዕዳውን ሳናቃልል፥ ተስፋም ሳንቈርጥ ወደ እርሱ እንቅረብ።

በፍርዱ እውነተኛ በምሕረቱም ባለጸጋ የሆነ አምላካችን በቅዱስ አትናቴዎስ ጸሎት ይማረን፤ በረከቱም ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።