ዳቦን የጠረጠሩት ሐኪም፦ የዊለም ካረል ዲከ ሕይወት

ከባልና ሚስት አንዳቸው የሴሊያክ ሕመም እንዳለባቸው ከሐኪም ሲሰሙ፣ ወደ ቤት ይዘው የሚመለሱት የመድኃኒት ማዘዣ አይደለም። ሕመሙን የሚፈውስ ክኒን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሕክምናው ስንዴን፣ ገብስንና ራይ የተባለውን እህል ከማዕድ ማራቅ ነው፤ ያውም ለጥቂት ሳምንታት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ። ስለዚህም ሕመሙ የአንዱ ቢሆንም ሕክምናው የሁለቱ ይሆናል። ከገበያ እህል የሚሸምተው፣ ሊጥ የሚያቦካው፣ እንግዳ ሲመጣ ማዕድ የሚያቀርበው ሁሉ ከዚያች ዕለት ጀምሮ የሕክምናው ተካፋይ ነው።

ዛሬ በጥቂት ቃላት የሚነገረው ይህ ምክር ለብዙ ዘመናት ለሐኪሞችም የተሰወረ ነበር። የገለጡት አንድ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ ዊለም ካረል ዲከ።

ስም ያለው፣ ምክንያት የሌለው ሕመም

ዲከ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 በደቡባዊ ሆላንድ በምትገኘው የዶርድሬክት ከተማ ተወለዱ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በሄግ ከተማ በሚገኘው የዩሊያና የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምናን በልዩ ሙያነት አጠኑ። በ1936 ገና የ31 ዓመት ወጣት ሳሉ የዚሁ ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ።

በሆስፒታሉ አልጋዎች ላይ ከሚተኙት ሕፃናት መካከል ሆዳቸው የተነፋ፣ እጅና እግራቸው የመነመነ፣ ቅባት በሞላበት ተቅማጥ የሚሠቃዩ ነበሩ። ዕድሜያቸው እየጨመረ ቁመታቸውና ክብደታቸው ግን በነበረበት ይቆማል። ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር፤ የተረፉትም በየጊዜው እያገረሸባቸው ይመለሳሉ።

ሕመሙ አዲስ አልነበረም። የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ በጥንት ዘመን ገልጾት ነበር፤ ሴሊያክ የሚለው ስያሜም ሆድን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1887 በለንደን ባቀረቡት ትምህርት ሕመሙን በዝርዝር አስረድተው፣ ፈውስ ካለ በምግብ በኩል መምጣት እንዳለበት ተናግረዋል። ይሁንና ጊ ራሳቸው ለታማሚዎቻቸው በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ዳቦ ይፈቅዱ ነበር። ወደ በሩ ተጠግተው መቀርቀሪያውን ሳያገኙት ቀሩ።

በ1924 ደግሞ በኒው ዮርክ ሲድኒ ሃስ የተባሉ ሐኪም ሕፃናቱን በሙዝ ላይ በተመሠረተ ምግብ ማከም ጀመሩ። ልጆቹ ተሻላቸው፤ ምስጋናውም ለሙዙ ተሰጠ። ሃስ ከሙዙ ጋር ዳቦንም ከልክለው ነበር፤ ልጆቹን ያዳነው ከማዕዱ የጎደለው ነገር መሆኑን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

የእናት ዓይን

በሆላንድ የሕክምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ በ1930ዎቹ አንዲት ወጣት እናት ለዲከ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ታማሚ ልጇ ዳቦ ሲተውለት ይሻለዋል፤ ዳቦ ሲቀርብለት ሕመሙ ይመለሳል። እናቲቱ ሐኪም አልነበረችም፤ ዕለት ተዕለት ልጇን የምትመግብና የምታስተውል ሰው ነበረች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን የእናቶች ወሬ ሰምቶ ማለፍ ለሐኪም ቀላል ነበር። ዲከ ግን ወሬውን ወደ ጥያቄ ለወጡት። ልጆችን ያለ ስንዴ ለረጅም ጊዜ እየመገቡ እድገታቸውን መከታተል ያዙ።

በ1941፣ አገራቸው በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለ፣ በሆላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ለሴሊያክ ሕመም የሚሆን ቀላል የአመጋገብ ሥርዓት አሳተሙ። ጽሑፉ በሆላንድኛ የተጻፈ፣ ጊዜውም የጦርነት ስለነበር ከድንበር ማዶ የሰማው አልነበረም።

የረሃቡ ክረምት

በ1944 መገባደጃ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ አገዱ። በታሪክ የረሃብ ክረምት ተብሎ በሚጠራው በዚያ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ አለቁ። ዳቦ ጠፋ፤ ሕዝቡ ስኳር የሚሠራበትን ሹገር ቢትና የአበባ ሥር ሳይቀር ቀቅሎ በላ።

በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ግን እንግዳ ነገር ታየ። ጤነኛው ሁሉ ሲከሳ የሴሊያክ ታማሚ ሕፃናት አልተባባሰባቸውም፤ እንዲያውም ተሻላቸው። ረሃቡ ጋብ ብሎ ዳቦ ዳግም ወደ ገበያ ሲመጣ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ።

ይህ ትረካ በብዙዎች ዘንድ የግኝቱ መነሻ ሆኖ ይነገራል፤ ነገር ግን የ1941ዱ ጽሑፍ እንደሚመሰክረው ዲከ ዳቦን የጠረጠሩት ከረሃቡ በፊት ነው። የረሃቡ ክረምት ያደረገው፣ ማንም ሐኪም ሆን ብሎ ሊፈጽመው የማይደፍረውን ፈተና በአንድ ሕዝብ ላይ በማድረስ ጥርጣሬያቸውን ማጽናት ነበር።

ከጥርጣሬ ወደ ማስረጃ

ከጦርነቱ በኋላ ዲከ በታዩት ምልክቶች ብቻ ዓለምን ማሳመን እንደማይችሉ ተረዱ። በዩትሬክት ከሚሠሩት የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ቫን ደ ካመር ጋር ተባበሩ። ቫን ደ ካመር በሰገራ ውስጥ ሳይፈጭ የሚወጣውን ቅባት በትክክል የሚለካ ዘዴ አበጅተው ነበር። ሦስተኛው ተባባሪ ዌየርስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ።

አሠራሩ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። አንድን ሕፃን ለረጅም ጊዜ ያለ ስንዴ ይመግቡታል፤ ይለካሉ። ከዚያም አንድ ዓይነት እህል ይጨምሩለታል፤ ደግመው ይለካሉ። ስንዴና ራይ ሲሰጥ ያልተፈጨው ቅባት ይጨምራል፤ ሩዝና በቆሎ ሲሰጥ ግን ልጁ ደህና ይሆናል። ከስንዴው ውስጥ ስታርቹን ለይተው ሲሰጡም ጉዳት አልታየም። ጉዳቱን የሚያመጣው ሊጥን የሚያያይዘውና እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን መሆኑ ተገለጠ።

ዲከ ውጤታቸውን በ1950 ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማሟያ አድርገው አቀረቡ። ሆኖም ስንዴን ያህል የተከበረ እህል ሕፃናትን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ በየስፍራው ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። በ1952 በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ሐኪሞች በራሳቸው ጥናት ውጤቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ በቀጣዩም ዓመት የሆላንዶቹ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ከወጡ በኋላ ጥርጣሬው እየከሰመ ሄደ።

ዲከ በ1957 የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና በዚያው ከተማ የዊልሄልሚና የሕፃናት ሆስፒታል ዳይሬክተር ሆኑ። ሥራቸው በዓለም ሁሉ ሲታወቅ ለማየት ግን ብዙ ዕድሜ አልተሰጣቸውም። በ1962 በ57 ዓመታቸው አረፉ።

ሕመሙ የአዋቂም ነው

በዲከ ዘመን ሴሊያክ የሕፃናት ሕመም ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1950ዎቹ ከትንሹ አንጀት ናሙና መውሰድ ሲቻል ግን አዋቂዎችም ያው ጉዳት እንዳለባቸው ታየ። ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት ያጠቃል፤ ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል እጥፋቶችም ይረግፋሉ። ስለዚህ ሕመሙ በሆድ ብቻ አይገለጥም። የማይድን የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ ድካም ወይም የመውለድ ችግር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ ከመቶ ሰዎች አንዱ ገደማ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

በዚህ የተነሳ የዲከ ግኝት ትዳር ውስጥ ገብቷል። አርባ ዓመት ሞልቶት፣ ልጆች ወልዶ፣ ከአጋሩ ጋር ለዓመታት ከአንድ ገበታ የበላ ሰው ዛሬ ሕመሙ ሊነገረው ይችላል።

በምሥራቅ አፍሪካ ማዕድ

ለአካባቢያችን ነዋሪ ዜናው ከባድም ቀላልም ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ካሳቫ ግሉተን የለባቸውም። የሱዳን የማሽላ ኪስራና የኬንያ ኡጋሊ ያለ ስጋት ይበላሉ። በአንጻሩ ድፎ ዳቦ፣ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ጠላና ቻፓቲ ይቀራሉ። በስንዴ ዱቄት የሚጋገር የሶማሌ አንጄሮም እንዲሁ።

አደጋው የሚደበቀው ደህና በሚመስለው ውስጥ ነው። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ጤፍ ቢሆን እንኳ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ካለፈ ይበከላል። ከድብልቅ ሊጥ የተረፈ እርሾም ስንዴውን ወደ አዲሱ ቡሖቃ ይዞት ይገባል። የታማሚው አጋር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ እህሉን ለይቶ ማስፈጨት፣ እርሾውን እንደ አዲስ መጀመር፣ የቤቱን ማዕድ በተቻለ መጠን አንድ ማድረግ። በሠርግና በለቅሶ ቤት ደግሞ የቀረበን ጉርሻ መመለስ እንደ ንቀት በሚቆጠርበት ባህል፣ ታማሚው ራሱ ደጋግሞ ከሚያስረዳ አጋሩ ቀድሞ ቢናገርለት ሸክሙ ይቀልለታል።

ሁለት ነገሮችም አይዘነጉም። ምርመራው ሳይጠናቀቅ ስንዴን ማቆም ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ተጠርጣሪው እስኪመረመር ድረስ እንደ ወትሮው መብላት አለበት። ሕመሙም በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ስላለው፣ የታማሚው ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ቢመረመሩ ይበጃል።

ጤፍና ሆላንድ ከዚህ በኋላም ተገናኝተዋል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ይዞት የነበረውን የባለቤትነት መብት፣ ዲከ በወጣትነታቸው ባገለገሉባት በሄግ ከተማ የተሰየመ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አድርጎታል። ግሉተን አልባ እህል ተፈላጊ የሆነው በዋነኛነት ከዲከ ሥራ የተነሳ ነውና፣ የሐኪሙ ውርስ ሳያስቡት የኢትዮጵያን ገበሬ ጓሮ ነክቷል።

ዲከ ለታማሚዎቻቸው የተዉት ሕክምና ሐኪም ቤት የሚፈጸም አይደለም። የተጀመረው አንዲት እናት ልጇን ስትመግብ ካስተዋለችው ነገር ነው፤ ዛሬም የሚጸናው በየቤቱ፣ በየዕለቱ፣ ለሌላው ሰው ምግብ በሚያዘጋጅ እጅ ነው።