በረካ፣ ነቢዩን ያሳደገች ሐበሻ

ከሐበሻ ሰሓቦች ብዙዎቻችን ቶሎ የምናነሳው ቢላልን ነው። ከእርሱ አስቀድማ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት የኖረችውን በረካን ግን እምብዛም አናወሳትም። ዛሬ ስለ እርሷ እናውጋ።

በረካ ባሪያ ነበረች። የነቢዩ አባት ዐብዱላህ ሲሞቱ ከአምስት ግመሎችና ከጥቂት በጎች ጋር ለልጃቸው በውርስ ተላለፈች። ነቢዩ በስድስት ዓመታቸው ከእናታቸው ከአሚና ጋር፣ ዛሬ መዲና ወደምንላት ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ አብራ ተጓዘች። ሲመለሱ አሚና አብዋእ በተባለ ስፍራ ታመው አረፉ። የሙት ልጁን ይዛ መካ የገባችው በረካ ናት። እርሷም ከወገኗ ተነጥላ የኖረች ናትና የወላጅ ናፍቆትን ሳታውቀው አትቀርም።

ነቢዩ ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ነፃ አወጧት። ትዳር ይዛ አይመንን ወለደች፤ ኡሙ አይመን የተባለችውም በእርሱ ነው። ያ ትዳር ግን አልቆየላትም። ነፃ ሴት ናት፣ ወደ ወደደችው መሄድ ትችል ነበር። እርሷ ግን ከነቢዩ ቤተሰብ አልራቀችም። በባርነት የጀመረችው አገልግሎት ከዚያ ወዲህ የገዛ ምርጫዋ ሆነ። በኋላም፣ በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠውን ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳን አግብታ ኡሳማን ወለደች።

ዐረብኛው አልገራላትም ነበር ይባላል፤ አንዳንዱን ቃል ስታፋልስ ነቢዩ በፍቅር ያርሟት ነበር። እንደ እናታቸው ያዩዋት ነበርና ቤቷ እየሄዱ ይጠይቋታል። በኡሑድ ዕለት ዕድሜዋ ገፍቶ ሳለ ውኃ እያቀበለች ቁስለኞችን አስታመመች።

8ኛው ዓመተ ሂጅራ ከባድ ነበር። ዘይድ በሙእታ ወደቀ። ከወራት በኋላ የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን ሸሂድ ሆነ። ባልና ልጅ በአንድ ዓመት! የቀረላት ኡሳማ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ አባቱ ወደ ወደቀበት አገር ለሚዘምት ጦር አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ጦሩ ከመዲና ሳይርቅ ነቢዩ ወደ አኼራ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) ነቢዩ ያደርጉት እንደነበረው ሊጠይቋት ሄዱ። ሲያዩዋት አለቀሰች። ለነቢዩ አላህ ዘንድ ያለው የተሻለ መሆኑን እያነሱ ሊያጽናኗት ሞከሩ። እርሷም ይህን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።