ብሌዝ ፓስካልና አስተማሪው አባቱ

ብሌዝ ፓስካል በፈረንሳይ አገር ክሌርሞን በምትባል ከተማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1623 ዓ.ም. ተወለደ። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበትና ከሁለት እኅቶቹ ጋር በአባቱ በኤትየን እጅ አደገ። አባቱ የመንግሥት ሹም፣ በሒሳብም የታወቀ ሊቅ ነበረ። በ1631 ዓ.ም. ልጆቹን ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ብሌዝንም ወደ ተማሪ ቤት ሳይሰድ በቤቱ ራሱ ያስተምረው ጀመር።

ኤትየን የትምህርቱን ሥርዓት አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ልጁ ሮማይስጥንና ጽርእን ሳያውቅ ስለ መስመርና ስለ ማዕዘን የሚያስተምረውን ጂኦሜትሪን እንዲማር አልፈለገም። ይህ ትምህርት ልብን የሚስብ ስለ ሆነ ቋንቋውን እንዳያስተወው ፈርቶ የሒሳብ መጻሕፍቱን ቈለፈባቸው። ልጁ በጠየቀውም ጊዜ፣ ቅርጾችን በትክክል የመሥራትና መጠናቸውን የማስተያየት ጥበብ መሆኑን ብቻ ነግሮ፣ ዳግመኛ እንዳያነሣው ከለከለው።

ብሌዝ ግን ይህን ጥቂት ነገር በልቡ ይዞ በጨዋታ ሰዓቱ በወለሉ ላይ በከሰል ይሥል ነበር። የቅርጾቹን ስም የነገረው ስላልነበረ መስመርን ዘንግ እያለ ራሱ ስም ያወጣላቸው ነበር። በ12 ዓመቱ አንድ ቀን አባቱ ቢገባ ልጁ በሥራው ተመስጦ አላየውም። አባትዮውም ጠይቆ የልጁን ሐሳብ በሰማ ጊዜ፣ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ማዕዘኖች ተደምረው ከሁለት ቀጤ ማዕዘን ጋር እኩል መሆናቸውን ያለ መጽሐፍ ሲመረምር እንዳገኘው ዐወቀ። ይህንን ታሪክ የጻፈችው ታላቅ እኅቱ ዥልበርት ናት።

ኤትየን ትእዛዜ ተጣሰ ብሎ አልተቈጣም። ዝም ብሎ ወጥቶ ወደ አንድ ወዳጁ ሄደና በደስታ አለቀሰ። ወዳጁም ልጁን ከእንግዲህ እንዳይከለክለው መከረው። እርሱም ምክሩን ተቀብሎ የኤውክሊድን መጽሐፍ ሰጠው፤ ነገር ግን ቋንቋውን እንዳይተው በዕረፍት ሰዓቱ ብቻ እንዲያነበው አዘዘው።

ብሌዝ በ16 ዓመቱ ሊቃውንትን ያስደነቀ የጂኦሜትሪ ጽሑፍ ጻፈ። በ1642 ዓ.ም. ደግሞ አባቱ በግብር ሒሳብ ሲደክም አይቶ የምትደምርና የምትቀንስ መኪና ይሠራለት ጀመር። በ1662 ዓ.ም. ገና በ39 ዓመቱ ሞተ።

ልጁን በቤቱ የሚያስተምር ሰው መምህሩም አለቃውም እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ስሕተቱን የሚያሳየው አያገኝም። ኤትየን ሥርዓት ማውጣቱ መልካም ነው፤ ሥርዓቱ ለልጁ እንዳልበቃው ባየ ጊዜ ግን ምክር ጠይቆ ማሻሻሉ ከዚያ ይበልጣል። እልኸኛ ቢሆን ኖሮ ቍልፉ በመጽሐፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በልጁም አእምሮ ላይ በተዘጋ ነበር።