ወንበሩን ለቀው ሥራውን ያልለቀቁት ጳጳስ

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሹመቱን በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ስንሰማ ቶሎ አናምንም። አንድም የሸሸገው ነገር አለ፣ አንድም ተገዶ ነው እንላለን። እኔም ሕግ በመማሬ ይሁን በዕድሜዬ እንጃ፣ ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ አይደለሁም። የጳጳስ ሳሙኤል ሼረሼቭስኪ ሕይወት የሳበኝም በዚሁ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሼረሼቭስኪ በ1831 በሩሲያ ዛሮች ትገዛ በነበረችው ሊትዌኒያ፣ ታውሮገን በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። እናትና አባታቸው የሞቱባቸው ገና በልጅነታቸው ነው። ዢቶሚር ከተማ በሚገኝ የረቢዎች ትምህርት ቤት ሲማሩ ወደ ዕብራይስጥ የተተረጎመ አዲስ ኪዳን እጃቸው ገባ። ያነበቡት ነገር አልለቀቃቸውም። ወደ ጀርመን ሄዱ፣ በ1854 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፣ በማግስቱ ዓመት ተጠመቁ። በመጨረሻ የአንግሊካን እምነት የአሜሪካ ክንፍ በሆነችው ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ረጉ።

በ1859 ዲቁና ተቀብለው በዚያው ዓመት ወደ ቻይና ተሳፈሩ። ጉዞው ወራት የሚፈጅ ስለነበር የቻይንኛን ጽሕፈት መማር የጀመሩት መርከቡ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፋፈን አይገባም። ያን ጊዜ የውጭ ሰው በፔኪንግ መኖር የቻለው ቻይና በጦርነት ተሸንፋ በ1860 በፈረመችው ውል ነው። በመድፍ ኃይል የተፈረመን ውል ሕግ የተማረ ሰው በቀላሉ አያልፈውም። ሼረሼቭስኪም በተከፈተው በር ከገቡት አንዱ ነበሩ። ልዩነቱ ገብተው የሠሩት ሥራ ላይ ነው።

ከ1862 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ፔኪንግ ተቀምጠው ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጡ በቀጥታ ወደ ማንዳሪን መለሱ። ማንዳሪን የአፍ ቋንቋ ነው። የተማረው የቻይና ሰው የሚጽፈው ግን በሌላ፣ በጥንታዊው የጽሑፍ ቋንቋ ነበር። የእኛን ግዕዝና አማርኛ ማሰብ ነው። ተራው ሰው ሲነበብለት እንዲገባው ነው ማንዳሪንን የመረጡት። በልጅነታቸው በረቢዎች ትምህርት ቤት የቀሰሙት ዕብራይስጥ ዋጋው የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በ1875 የሻንጋይ ጳጳስ እንዲሆኑ ተመረጡ፤ አልቀበልም አሉ። እንደገና ሲመረጡ ግን እሺ ብለው በ1877 ኒው ዮርክ ላይ ተሾሙ። በ1879 በሻንጋይ የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅን መሠረቱ። ይህ ኮሌጅ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እስከ 1952 ድረስ በቻይና ስመ ጥር ከነበሩት ተቋማት አንዱ ነበር።

ከዚያ ችግር መጣ። በ1881 የበጋ ሙቀት ዉቻንግ ከተማ ሳሉ ታመው ወደቁ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ለሕክምና ወደ ጄኔቭ ቢወሰዱም አልዳኑም። በ1883 ሹመታቸውን ለቀቁ። ትንሽ ቆዩ ቢባሉ፣ በሌሎች እጅ እየሠሩ በስማቸው ቢፈርሙ፣ እንዲህ ለታመመ ጳጳስ ማን ይጨክን ነበር? እሳቸው ግን ሥራውን መሥራት ያልቻለ ሰው ማዕረጉን ይዞ መቀመጥ የለበትም ብለው የወሰኑ ይመስለኛል።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከጳጳስ ወንበር የወረዱት ሰው ከሃያ ዓመት በላይ በሕመምተኛ ወንበር ተቀምጠው ሠሩ። እጃቸው ብዕር መያዝ ስለማይችል የጽሕፈት መኪና ፊታቸው ተደረገላቸው። በአብዛኛው በአንዲት ጣት እየነኩ፣ የቻይንኛውን ድምፅ በላቲን ፊደል ወደ 2,000 ገጽ ጻፉ። ያንን ጸሐፊዎች ወደ ቻይና ፊደል ገለበጡት። በዚህ መልክ የቀድሞውን የማንዳሪን ትርጉም አረሙ፤ መላውን መጽሐፍ ቅዱስም ቀለል ወዳለው የጽሑፍ ቻይንኛ መለሱ። በ1868 ያገቧቸው ባለቤታቸው ሱዛን ዌሪንግ በዚህ ሁሉ ዘመን አልተለዩአቸውም።

በ1895 ወደ ሻንጋይ ተመለሱ፣ ኅትመቱን ለመከታተልም በ1897 ወደ ጃፓን ሄዱ። ሥራው በ1902 ታተመ። የሁለት ጣት መጽሐፍ ቅዱስ የሚል ስምም ወጣለት። ሼረሼቭስኪ በ1906 ቶኪዮ ላይ አርፈው አዮያማ መካነ መቃብር ተቀበሩ።

ትርጉማቸው ዛሬ በስፋት አይነበብም። በ1919 የወጣው የኅብረት ትርጉም ቦታውን ወስዷል። ይህም ሆኖ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች እሳቸው በጠረጉት መንገድ ሄደዋል።

እኛ አገር ሰው ከሹመት ሲወርድ ስልኩ ዝም ይላል፣ ደጁ ጭር ይላል። ብዙዎቻችን ወንበሩን የምንይዘው ይህን ጭርታ ፈርተን ይመስለኛል። ከወንበሩ ሌላ የምንሠራው ነገር ስለሌለንም ይሆናል። ሼረሼቭስኪ ግን ነበራቸው። ጵጵስናው 6 ዓመት ቆየ፤ ጵጵስናው የማይጨምርለት፣ ሽባነትም ያላስቆመው ሥራ ግን ከወጣትነት እስከ ሞት ተከተላቸው። ከመሾማችን በፊት ራሳችንን ብንጠይቅ አይከፋም፤ ወንበሩ ቢወሰድ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው?