ሱዛን ላ ፍሌሽ፤ የኦማሃ ሕዝብ ሐኪም

ዕድሜዋ ስምንት ዓመት ያህል የሆነ አንዲት ልጅ በአንዲት የታመመች አሮጊት ራስጌ ተቀምጣ ሐኪም ስትጠብቅ አደረች። ወደ ሐኪሙ አራት ጊዜ መልእክተኛ ተላከ፤ እርሱም በየጊዜው እመጣለሁ እያለ ቀረ። ሳይነጋ አሮጊቷ ሞተች። ሐኪሙ ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል፥ መድኃኒትም በእጁ ያለ ሰው ነበር። ልጅቱ ከዚያ ሌሊት የተረዳችው ነገር ቢኖር፥ ሟቿ ሕንድ በመሆኗ ብቻ መንገዱ ለሐኪሙ እንደ ራቀበት ነው።

ይህች ልጅ ሱዛን ላ ፍሌሽ ናት። የተወለደችው በ1865 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን አሜሪካ በነብራስካ፥ ለኦማሃ ነገድ በተከለለው ምድር ነው። የኦማሃ ሰዎች ቀድሞ ቀይ ሕንዶች ይባሉ ከነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ናቸው። አባቷ ጆሴፍ ላ ፍሌሽ፥ በነገዱ አጠራር የብረት ዓይን የተባለው፥ የነገዱ ታላቅ አለቃ ነበር። ይህ ብልህ ሰው የነጮቹ ጎርፍ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ስለ ተገነዘበ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሰደደ። ውስኪ ግን በነገዱ መካከል እንዳይገባ ከለከለ፤ ሰክሮ የተገኘውንም ያስገርፍ ነበር።

ኦማሃዎች በቆሎ እየዘሩና ጎሽ እያደኑ የሚኖሩ ሕዝብ ነበሩ። በ1854 ዓ.ም. ውል አብዛኛው ምድራቸው ለመንግሥት ተላለፈ፤ በ1870ዎቹም ጎሹ ከሜዳው ጠፋ። ሥጋው ቀረ፥ ቆዳው ቀረ፥ ከአደኑ ጋር የነበረው ሥርዓትም ቀረ። ከሰፊው የአፈር ቤታቸው ወጥተው በጠባብ የእንጨት ቤት መኖር ጀመሩ፤ በክረምት መስኮቱ ተዘግቶ ብዙ ነፍስ በአንድ ክፍል ይታፈናል። ለሳንባ ነቀርሳ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ አይገኝም።

ሱዛን በቨርጂኒያ፥ ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁሮች በተቋቋመው በሃምፕተን ተምራ በ1886 ዓ.ም. ጨረሰች። ከዚያም በኮነቲከት የሚገኙ ሴቶች ማኅበር ወጪዋን ችሎላት ፊላዴልፊያ ወደሚገኘው የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ገባች። በ1889 ዓ.ም. ከ36 ተማሪዎች አንደኛ ሆና ተመረቀች። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የሕክምና ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በከተማ ተቀምጣ ሥራ ልትፈልግ ትችል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ትውልድ ምድሯ ተመለሰች። በመጀመሪያ የተሾመችው ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ነበር፤ ጥቂት ሳይቆይ ግን የነገዱ ሁሉ ሐኪም ሆነች።

የሥራዋ ስፋት 1,350 ካሬ ማይል፥ ሕዝቧ ከ1,200 በላይ፥ ደመወዟም በዓመት 500 ዶላር ነበር። አንዳንዴ በእግር፥ አንዳንዴ በፈረስ፥ በኋላም በሠረገላ ትሄዳለች። በ1891 ዓ.ም. ክረምት ኢንፍሉዌንዛ ሲነሣ በበረዶው ውስጥ ከቤት ቤት ስትዞር ከረመች። ማታ ማታ ችግረኛ ቤቷን እንዳያጣ በመስኮቷ ፋኖስ ታስቀምጥ ነበር ይባላል። ታማሚው የሚፈልገው መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት፥ ከመንግሥት ሹም ጋር የሚነጋገርለት፥ ለልጁ ሾርባ የሚሠራለትም ይፈልግ ነበር። ሁሉንም እርሷ ታደርገው ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ በሹመት ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። በ1893 ዓ.ም. ግን የራሷ ጤና ታውኮ ሥራውን ለቀቀች። በማግሥቱ ዓመት ሄንሪ ፒኮት የተባለ የሱ ነገድ ሰው አገባች፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

አባቷ በ1888 ዓ.ም. ከሞተ ወዲህ የውስኪ ነጋዴ በነገዱ መካከል እንደ ልቡ ይመላለስ ጀመር። ሕንዶቹ የመሬት ኪራይ በተቀበሉ ቀን ነጋዴው በር ላይ ይጠብቃቸዋል። መጠጡ በገዛ ቤቷም ገባ፤ ባሏ ጠጪ ነበር፥ በ1905 ዓ.ም. ሞተ። እርሷ ግን ለማስተማር ብቻ አልተወሰነችም። ዎልትሂል የተባለው ከተማ በ1906 ዓ.ም. ሲቆረቆር የቤት ቦታ በሚሸጥበት ውል ላይ መጠጥ የሚከለክል ቃል እንዲገባ ታገለች። ደግሞም ዝንብ እንዳይገባ በርና መስኮት በወንፊት ሽቦ እንዲሸፈን፥ ሕዝብም ሁሉ በአንድ ጣሳ ከመጠጣት እንዲተው ታስተምር ነበር። የአንድ ጣሳ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ይሁንና ጣሳውንና ዝንቡን ማሸነፍ ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ይቀላል። ነባሮቹ የመሬታቸው ባለቤት ቢባሉም በዋሽንግተን ያሉ ሹማምንት ካልፈቀዱ ገንዘባቸውን አያዙበትም። ሐኪሟ ራሷ ልጆቿ ከአባታቸው የወረሱትን ለማግኘት ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ስትጽፍ ኖራለች። ስለዚህ በ1910 ዓ.ም. ከነገዱ መልእክተኞች ጋር ወደ ዋሽንግተን ሄዳ ሕዝቡ ከሞግዚትነት እንዲወጣ ተከራከረች። ሰሚም አገኘች። ነገር ግን ብዙዎቹ መሬታቸውን በእጃቸው ባገኙ ማግሥት አታላይ ገዢ ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበርና፥ ብዙ መሬት ከነገዱ እጅ ወጣ። ሱዛን በክርክሩ ተሳስታ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ነፃነቱን በጠየቀችው ሳይሆን፥ ነፃነቱ ሲሰጥ ዳኛም ጠባቂም ባለመቆሙ ነው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ያሰበችው ሆስፒታል በጥር 1913 ዓ.ም. በዎልትሂል ተከፈተ። ገንዘቡ የተሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያንና ከበጎ አድራጊዎች ነው እንጂ ከመንግሥት አልነበረም። በሩ ለነጩም ለሕንዱም እኩል የተከፈተ ነበር። እርሷ ግን የአጥንት ነቀርሳ ይዟት ስለ ነበር ብዙ አልሠራችበትም፤ በመስከረም 18 ቀን 1915 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። በቀብሯ ሥርዓት ላይ ቄሶቹ በእንግሊዝኛ ከተናገሩ በኋላ፥ የመጨረሻውን ጸሎት አንድ የኦማሃ ሽማግሌ በነገዱ ቋንቋ አደረሰ።